አንድ ሰዓት ለፀጉሬ

ፀጉሬን ልሠራ ወጥቼ የእድር ድንኳን ያስተከልኩት ሴት እኔ ነኝ። ታሪኩን ከሌላ ሰው ሰምታችሁት ከሆነ ትንሽ ተጨምሮበታል። ከእኔ ስትሰሙት ደግሞ ትንሽ ይቀነስበታል፤ ሰው የራሱን ጉድ ሲያወራ ምላሱ ያጥራል። የሆነ ሆኖ ዛሬ ሆዴ ሰፍቷልና ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ልጆች እያሳደገች የምትነግድ ሴት እንዴት ትውል እንደነበር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ጠዋት ሳይነጋ የቀበሌ ሱቅ ወረፋ አለ። ስኳር መጣ ሲባል እንሰለፋለን፣ ሳሙና መጣ ሲባል እንሰለፋለን፣ አንዳንዴም ምን እንደሆነ ሳይነገር «መጣ» ብቻ ሲባል እንሰለፋለን። መቆም ያልቻለ ሰው ድንጋይ አስቀምጦ «ይቺ የእኔ ናት» ብሎ ይሄዳል፤ ድንጋይ ሰው ወክሎ የሚሰለፍበት ዘመን ነበር። እኔ ድንጋዬን ሳያት እቀናባት ነበር። ከቤተሰባችን ውስጥ አንድ ቦታ አርፋ የምትቀመጥ እሷ ብቻ ነበረች።

ከወረፋው ወደ ሸማ ተራ ነው። እዚያ ነጠላና ቀሚስ የምሸጥባት፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው አስነጥሶ የማይወጣባት ሱቅ ነበረችኝ። ቀኑን ሙሉ ነጠላ ስዘረጋና ሳጥፍ እውላለሁ። «ልየው ብቻ» የምትል ደንበኛ መጥታ መደርደሪያውን በሙሉ ታስወርደኝና «በኋላ እመለሳለሁ» ብላ ትሄዳለች፤ እስካሁን ያልተመለሱ አሉ። ማታ አራት ልጆች አሉ። አንዱ ሲራብ ሌላው ይወድቃል፣ ሌላው ሲወድቅ አንዷ ትስቅበታለች፣ እነሱን ለማስታረቅ እነሳለሁ። እነሱ ሲተኙ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ይጠራል። እዚያ ስለ ሴቶች ከድርብ ጭቆና መላቀቅ ሲነገረኝ፣ ወንበሩ ላይ ተደግፌ ጥሩ እንቅልፍ እተኛለሁ። አንድ ቀን እያጨበጨብኩ ተኝቻለሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

የልጆቼ አባት አበራ የተሳቢ መኪና ሹፌር ነው። አሰብ ይሄዳል፣ ከአሰብ ይመጣል። ቤት ሲኖር እንግዳ ነው፣ ሲሄድ ሐሳብ ነው። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ብቻ ቤታችን ውስጥ ነገሮች በራሳቸው የሚከናወኑ ይመስለዋል። ሸሚዙ በራሱ የሚታጠብ፣ ወጡ በራሱ የሚወጠወጥ ይመስለዋል።

እንግዲህ ወደ ፀጉሬ ልምጣ። ፀጉሬ ከትንሹ ልጄ ክርስትና ወዲህ ሻሽ ስር ነው የኖረው። ልጁ ቆሞ ሄዷል፣ አፉን ፈትቷል፣ አልፎም መሳደብ ጀምሯል፤ ፀጉሬ ግን ቀን አልወጣለትም። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ በያዝኩላት መስታወት ውስጥ ድንገት ራሴን አየሁት። ሻሼ ተንሸራቶ ነበር። መጀመሪያ ሌላ ሰው ገብታ መስሎኝ «ምን ላሳይሽ?» ልላት ምንም አልቀረኝም። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከዕድሜዬ ላይ አንዲት ሰዓት ልስረቅ፣ ሰባተኛ ሰፈር ፀጉር ሠሪዋ ሮማን ዘንድ ልሂድ፣ ፀጉሬን በቢጎዲን ላስጠቅልል፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ልግባ። ካስክ ውስጥ የገባች ሴት ማንም ሊጠራት አይችልም፤ ቢጠራትም አትሰማም። እውነቱን ለመናገር ከፀጉሩ ይልቅ የጓጓሁት ለዚህ ነበር።

ታዲያ ይህ እንዲህ በቀላሉ የሚነገር ነገር አይደለም። ባሏ መንገድ ላይ የሆነ ሴት «ፀጉሬን ልሠራ ነው» ካለች፣ ለማን ነው የምትኳለው ይባላል። አበራ ደግሞ ያን ሰሞን ይመጣል ከተባለበት ቀን ዘግይቶ ነበር። የሴቶች ማኅበር ከሰማም በስብሰባ መሐል ተነሥቶ ግለ ሂስ ማድረግ አለ። ስለዚህ ለሱቅ ጎረቤቴ ለእትዬ ዘይነባ አንድ ጉዳይ ገጥሞኛል፣ ሱቄን ይዩልኝ ብቻ አልኳቸው። እትዬ ዘይነባ የወሎ ሴት ናቸው። አንድ ነገር ከጠየቋችሁ ሦስት ጊዜ የሚያስምሉ፣ ግን ለሰው የሚራሩ። ምን ጉዳይ እንደሆነ ሲጠይቁኝ ዓይናቸውን ማየት አፈርኩ። አንገቴን ደፍቼ «ኋላ እነግርዎታለሁ» አልኩና ነጠላዬን ከማንጠልጠያው ላይ መንትፌ፣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ለእናንተ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እኔ ግን አላወቅኩም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነበር የለበስኩት። ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገቴ ሥር ተጠቅልሏል፤ ሐዘን የደረሰበት ሰው እንደሚለብሰው ማለት ነው። ሌላ ሴት ብትሆን «ተሳስታ ነው» ይባል ነበር። ግን በልጅነቷ ሸማ ተራ ገብታ ሸማ ተራ ያረጀች ነጠላ ሻጭ ነጠላ አገለባብጣ ትለብሳለች ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ዳቦ ጋጋሪ ዳቦውን በእግሩ ይጋግራል እንደማለት ነው።

መንገድ ላይ የሆነው ሁሉ ለእኔ እንደ ተአምር ነበር። መርካቶን ታውቁታላችሁ፤ እንኳን ሰው መላእክትም ቢያልፉ ክንፋቸው ይገፋል። ያን ቀን ግን ተሸካሚዎች ጆንያቸውን እንደተሸከሙ ጥግ ይዘው አሳለፉኝ። ሲጨቃጨቁ የነበሩ ገዢና ሻጭ እኔን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እህል በረንዳ ስደርስ የጤፍ ነጋዴው ከሚዛኑ ቀና ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ። ይህ ሰው የኑሮዬን ድካም ከፊቴ ላይ አነበበ ብዬ «አሜን፣ ምን ይደረግ ብለህ ነው» አልኩት። እሱም ራሱን ነቀነቀ።

ይባስ ብሎ የቀበሌው ሱቅ በር ላይ የሳሙና ወረፋ ነበር። ሰልፉ ጅራቱ አይታይም። ገና ጠጋ ስል ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ። ከፊት የነበረች አንዲት ሴት እጄን ይዛ «ዛሬስ አንቺ አትሰለፊም» ብላ ባንኮኒው ድረስ ወሰደችኝ። በዚያ ዘመን ለእርጉዝ ያልተከፈተ ወረፋ ለእኔ ሲከፈት፣ በየስብሰባው የተነገረን ንቃት በመጨረሻ ወደ ሕዝቡ ወረደ ብዬ ደመደምኩ። ካርዴን ከጉያዬ አውጥቼ ሳሙናዬን ተቀበልኩና ደስ ብሎኝ፣ ግን ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ ፊቴን አጨፍግጌ ሄድኩ። ፊት ማጨፍገጌ ደግሞ ነገሩን አተመው።

ለካ እኔ እንደወጣሁ እትዬ ዘይነባ የእኔንም የራሳቸውንም ሱቅ ዘግተው ሮጠዋል። የሮጡት ወደ ጋሼ በርጋ፣ ወደ እድራችን ሰብሳቢ ነው። ጋሼ በርጋ ጣሳና ባልዲ በጅምላ የሚያከፋፍሉ፣ ነገር ሁሉ በሥርዓት ካልሆነ ምሳ የማይበላላቸው ሰው ናቸው። ማን እንደሞተ አይታወቅም፣ ሴቲቱ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ለማንም ሳትናገር ብቻዋን ወጥታለች ሲባሉ ወዲያው ድንኳኑ ወደ ቤቴ እንዲሄድ አዘዙ። ከዚያ በኋላ ዋናው ጭንቀት እኔን ማግኘት ሆነ። ግማሹ ሰው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሄዳ ራሷን እንዳትወረውር ብሎ ወደዚያ ሮጠ። እትዬ ዘይነባ ከሴቶች ጋር በሰባተኛ በኩል ሲመጡ አንድ ሊስትሮ፣ ወደ ፀጉር ሠሪ ቤት ስገባ እንዳየኝ ነገራቸው። ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ፀጉሯን ልትላጭ ነው» አሉ። ሐዘን የጸናባት ሴት ፀጉሯን ትላጫለችና፤ ሌላ ምን ያስባሉ?

እኔ በዚያን ሰዓት ገነት ውስጥ ነበርኩ። ሮማን ሞቅ ባለ ውሃ ራሴን ሁለት ጊዜ አጠበችኝ። የሰው እጅ ራሴን ካጠበኝ ስንት ዘመኑ ነው! እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሮማን በተፈጥሮዋ አፏ የማያርፍ፣ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ በማበጠሪያ የምትለይ ልጅ ነበረች። ያን ቀን ግን አንዲት ቃል አልተናገረችም። በኋላ ስጠይቃት፣ ሐዘን አእምሮዋን ነክቷታል፣ ያዘነ ሰው የጠየቀውን አይከለከልም ብዬ ነው አለችኝ። አንድ በአንድ በቢጎዲን ጠቀለለችኝ። ቢጎዲኖቹ ከአሥመራ ያስመጣቻቸው ናቸው፤ ሌላ ስለሌላት እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትጠብቃቸው። ከዚያ ካስኩን ራሴ ላይ አወረደችው።

የካስኩ ነፋስ ሲጮህ ዓለም ጠፋች። ጥሪ የለም፣ ልቅሶ የለም፣ «እማዬ» የለም። ዓይኔን ጨፈንኩ። ወረፋዬ፣ ሱቄ፣ ስብሰባዬ ሁሉ ከአናቴ በላይ በሙቅ አየር ሲበተን ተሰማኝ። እንዲህ ያለ ነገር በነፃ ለሁሉም እናት ቢታደል ኖሮ አብዮቱን እኔ ራሴ ቆሜ እጠብቀው ነበር።

ዓይኔን ስገልጥ መስታወቱ በሰው ተሞልቷል። እትዬ ዘይነባ ከፊት ሆነው ደረታቸውን ይመታሉ። ከኋላቸው የሸማ ተራ ሴቶች ተቃቅፈው አፋቸውን ከፍተዋል፤ ምን እንደሚሉ ግን አይሰማኝም። ሮማን አፏን በእጇ ይዛለች። በሩ ላይ ደግሞ ጋሼ በርጋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል።

ጋሼ በርጋ ሰው ካልሞተ በቀር ሱቃቸውን ትተው የትም አይሄዱም። መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ማንም አፍ አውጥቶ እገሌ ሞተ አይልም። ሰው ተሰብስቦ ይመጣል፣ ያይሻል፣ ዝም ይላል፣ አንቺ ራስሽ ትደርሺበታለሽ። እኔም ደረስኩበት። የአሰብ መንገድ፣ ቁልቁለቱ፣ የዘገየው መኪና። ከካስኩ ሥር ዘልዬ ወጣሁና «አበራ!» ብዬ ጮህኩ።

ለካ እነሱ ማን እንደሞተ ገና ከእኔ ሊሰሙ ነው የመጡት። ስሙን ከአፌ ሲሰሙ «አበራን! አበራን!» ብለው ቤቱን አናወጡት። እኔ ደግሞ የእነሱን ልቅሶ ስሰማ ማረጋገጫ ሆነኝ። እንዲህ እየተባባልን፣ እኔ ከእነሱ እነሱ ከእኔ መርዶ እየተቀበልን፣ ባሌን በደንብ አድርገን ገደልነው።

በደጋፊ ወደ ቤት ወሰዱኝ። ነጠላውን በቢጎዲኑ ላይ ስለጣሉልኝ ራሴ ድንች የተሞላ ጆንያ መስሎ ነበር። ባለ ሱቆቹ እኛን ሲያዩ መዝጊያቸውን እየጎተቱ ተከተሉ። ሮማንም ከኋላችን እያለቀሰች መጣች፤ የመጣችው ግን ለእኔ ሳይሆን ለቢጎዲኖቿ ነው። ብትነቅላቸው ነውር፣ ብትተዋቸው ኪሳራ፤ ስለዚህ ከራሴ ዓይኗን ሳትነቅል እስከ ቤቴ ሸኘቻቸው።

ድንኳኑ ተተክሎ፣ ንፍሮው ተጥዶ ደረስን። ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ። ለአበራ ከልቤ አለቀስኩ፤ ይህን ለመቀለጃ አልነግራችሁም። መንገድ ሲወጣ የመጨረሻ ያልኩት ነገር ትዝ ይለኝ ነበር። ያጠብኩትን ወለል ስለረገጠብኝ «ጫማህን አትጠርግም?» ብዬው ነው የሄደው። ለዚያ ሁሉ ዓመት ትዳር፣ ለአራት ልጆች አባት ስንብቱ ይኼ ሆነ ብዬ አንጀቴ ተቆረጠ። ወለሌን በሙሉ በጭቃ ሞልቶት በመጣ ብዬ ተመኘሁ።

ነገር ግን ሐዘን ውስጥ ሆኜ አንድ የሚያሳፍር ነገር አስተዋልኩ። አንዲት ሴት ጫማዬን አውልቃ እግሬን በለብ ያለ ውሃ ታጥባለች። ሌላዋ ከጀርባዬ ትራስ ትደግፋለች። ልጆቼ ጎረቤት ተወስደው በልተዋል። ጓሮ ውስጥ የእኔ የተቆለለ ልብስ እየታጠበ ነው። አንዷ ሾርባ በማንኪያ ወደ አፌ ታቀርባለች፣ ሾርባው ደግሞ ትኩስ ነው። ትኩስ ነገር በልቼ አላውቅም ነበር እኮ፤ የእናት ምግብ ሁልጊዜ የሚበርድ ነው የሚመስለኝ። ባሌ ሞቶ፣ ልቤ ተሰብሮ፣ ወገቤ ግን ተመስገን ይላል። በወገቤ አፈርኩበት።

በዚህ መሐል እማማ ደስታ ገቡ። ስማቸው ደስታ ይሁን እንጂ አልቃሽ ናቸው፤ መርካቶ ውስጥ እሳቸው ሙሾ ያላወረዱለት ሙት በደንብ እንደሞተ አይቆጠርም። ሥራቸውን የሚሠሩት በጥንቃቄ ነው፤ ስለ ሟች ሳያጣሩ አፋቸውን አይከፍቱም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና የት እንደሞተ፣ በምን እንደሞተ ጠየቁ። እትዬ ዘይነባ ወደ እኔ አመለከቱ። እኔ ደግሞ «እኔ ምን አውቄ፣ እናንተ ናችሁ እንጂ የምታውቁት» አልኩ።

እማማ ደስታ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ መርዶውን ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«እነሱ።»

«ለእነሱስ ማን ነገራቸው?»

«እሷ ናት እንጂ!» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ወላሂ እሷ ናት! ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሱቅ የወጣችው ማን ሆነና?»

ነጠላዬን ጎትቼ አየሁት። ጥለቱ ጉንጬ ሥር ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጥለቱን ያየዋል፣ እኔም አየዋለሁ። ቸኩዬ ነው ስላቸው የት ለመሄድ እንደሆነ ጠየቁኝ። ነጠላውን ከራሴ ላይ ገለጥኩላቸው። ቢጎዲኖቹ ተደርድረው ታዩ። አበራ አልሞተም ማለት ነው የሚለው ነገር ቀስ ብሎ ሲገባኝ ከደስታዬ ብዛት ዕልል ልል ነበር፤ ጋሼ በርጋ ግን እጃቸውን አነሡና በሩን አሳዩን።

አብዮት ጠባቂው ታደለ ጠመንጃውን አንግቶ ደጅ ቆሟል። ይህ ሁሉ ሰው በማን ፈቃድ ተሰበሰበ እያለ ነው። እዚህ ላይ የነገሩን ክብደት ተረዱልኝ። ለቅሶ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም። ሟች ከሌለ ግን የሸማ ተራ ግማሹ ነጋዴ ሱቁን በሥራ ቀን ዘግቶ ያለ ፈቃድ ስብሰባ ተቀምጧል፣ ድንኳንም ጥሏል። ለዚህ የሚጠየቀው ሰብሳቢው ነው። ጋሼ በርጋ በዚያ ዕድሜያቸው ላብ ሲያጠምቃቸው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ለቅሶ ነው፣ ጓድ» አሉ።

«አይሰማማ» አለ ታደለ። «የማን ለቅሶ ነው ዝም የሚባልበት?»

እማማ ደስታ እኔን አዩኝ፣ የታጠበውን እግሬን አዩ፣ ቢጎዲኖቼን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ከሆዳቸው አወጡት፦

ቁርሷን ለምሳ ሰዓት፣ ምሳዋን ለማታ፣
ሳትቀመጥ አለፈች ቆማ ተንገላታ።

ሴቶቹ መጀመሪያ የተቀበሏቸው ከፍርሃት ነው። ሁለተኛውን ሲያወርዱ ግን ነገሩ ተለወጠ፦

ለሰው ሁሉ ደርሳ ለራሷ ሳትደርስ፣
ዕድሜዋን ጨረሰች ስታጥብ የሰው ልብስ።

ጎኔ የተቀመጠችው ሴት ከምሯ ማልቀስ ጀመረች። ቀጥሎ ያለችውም። እትዬ ዘይነባ ሰባት ወልደው ያሳደጉ ናቸው፤ ፊታቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይርገፈገፍ ነበር። እንዲህ ያለ ልቅሶ መርካቶ ሰምታ አታውቅም። ማን እንደሞተ የሚጠይቅ አልነበረም፤ እያንዳንዷ ታውቀዋለች። ታደለ ቆቡን አወለቀ። «ስንት ልጆች ነው ጥላ የሄደችው?» ብሎ ጋሼ በርጋን በሹክሹክታ ጠየቃቸው። «አራት» አሉት። ዓይኑን ጠረገና እስከ ማታ ፈቅጃለሁ ብሎ፣ እሱም አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ንፍሮ መቆርጠም ጀመረ።

እንግዲህ ችግሩን አያችሁት? ታደለ ካልሄደ ልቅሶውን ማቆም አይቻልም፤ ንፍሮው ካላለቀ ደግሞ ታደለ አይሄድም።

በዚህ ላይ ነው የተሳቢ መኪና ጥሩምባ የተሰማው። አበራ ከነአቧራው ወርዶ በሩ ላይ ድንኳን ሲያይ የሚሆነውን ልትገምቱት ትችላላችሁ። የገጠመው ታደለን ነው። ማን ነው የሞተው ሲለው ታደለ እንባውን እየጠረገ «አራት ልጆች ጥላ የሄደች እናት ናት፣ ሥራ የገደላት» አለው። ቤቱ የእሱ፣ ልጆቹ አራት፣ ሥራውም የታወቀ። አበራ መሬት ላይ ወድቆ ስሜን እየጠራ መጮህ ጀመረ።

ድምፁን ስሰማ ዘልዬ ተነሣሁ። በሕይወት አለ። ሮጬ ላቅፈው ስል እትዬ ዘይነባ ቀሚሴን ይዘው መልሰው አስቀመጡኝ። «ቆይ፣ ይናገር» አሉኝ። ሴቶቹ ሁሉ ልቅሷቸውን ዝቅ አድርገው ጆሮአቸውን አቀኑ።

«ማን አለኝ እንግዲህ!» ይላል አበራ። «ልጆቹ ምን እንደሚበሉ አላውቅም! ማን በየትኛው ክፍል እንደሚማር አላውቅም! ጨው የት እንደምታስቀምጥ እንኳ አላውቅም!»

«ሰማሽ?» አለች አንዷ።

«ቆይ፣ ገና ነው» አሉ እትዬ ዘይነባ። «በርበሬው አልደረሰም።»

በርበሬውም ደረሰ፣ ከሰሉም፣ የቀበሌ ካርዱም። አንድ ቀን ባልዲ ውሃ እንኳ አንሥቶልኝ እንደማያውቅ ሲናገር ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም። ከእጃቸው አመለጥኩና ወጣሁ። አቀፍኩት፣ ወዲያው ደግሞ ደረቱን በጡጫ መታሁት። በሕይወት በመኖሩ እንዴት እንደተናደድኩበት! ያን ሁሉ አስለቅሶኝ፣ ምንም ሳይሆን፣ ጎማ ፈንድቶበት ነው የዘገየው። እሱ ደግሞ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ «ራስሽ ላይ ምንድነው?» አለኝ። ፀጉሬን ልሠራ ወጥቼ ነው አልኩት። ግንባሬን ከቢጎዲኖቹ ሥር ሳመኝ።

ታደለ ግን ተነሥቷል። ጠመንጃውን አስተካክሎ «እንግዲህ ሟች የለም ማለት ነው?» አለ። ጋሼ በርጋ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ሲያዞሩ ቆይተው መልስ ሰጡ።

«ሟች ነበረች፣ ጓድ ታደለ። አሁን ተነሣች። መመሪያው ስለተነሣ ሰው ምን ይላል?»

ታደለ አሰበ። ብዙ አሰበ። መመሪያው ስለተነሣ ሰው ምንም አይልም። በመጨረሻ ግን የሚያውቀውን አንድ ነገር ያዘ። ፈቃዱ የተሰጠው እስከ ማታ ነው፣ የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ አይሻርም፣ ከሰዓቱ በፊት መበተን ራሱ ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል አለ። ስለዚህ ማንም ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል። ጋሼ በርጋ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

እኔ ከልማድ የተነሣ እራት ላቀርብ ስነሣ ታደለ በአፈሙዙ ወደ ፍራሹ አመለከተኝ። ተቀመጥኩ። አበራ ባልዲውን አነሣና ወደ ቦኖው ሄደ። ሴቶቹ በፍራሹ ዙሪያ ገቡ፣ መጋረጃ ተጋረደ፣ ሮማንም በመጨረሻ ቢጎዲኖቿን ከራሴ ላይ እያወጣች አበጠረችኝ። ፀጉሬ ትከሻዬ ላይ ሲወርድ ድንኳኑ በአድናቆት ተንጫጫ። ወዲያው እሳት ላይ የነበረው የንፍሮ ድስት ወርዶ የራስ መታጠቢያ ውሃ ተጣደ። የእኔ ሳሙና ወጣ። አንዷ ስትነሣ ሌላዋ ሮማን ፊት ትቀመጣለች፤ ወረፋም ተያዘ፣ የዚያን ቀን ግን ድንጋይ ያስቀመጠ ሰው አልነበረም።

ፀሐይ እያዘቀዘቀች ስትመጣ ባሎች አንድ በአንድ ከየሱቃቸውና ከየቤታቸው እየመጡ ደጁ ላይ መቆም ጀመሩ። ለቅሶው መቼ እንደሚያልቅ፣ እራቱ ምን እንደሚሆን፣ ሕፃኑ ለምን እንደሚያለቅስ በትሕትና ይጠይቃሉ። ታደለ እያንዳንዱን «ፈቃድ አላቸው» እያለ ይመልሳል። አንዱ ቆይቶ ተመለሰና ሽሮው የት እንዳለ ብቻ ጠየቀ። ሚስቱ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ነገረችው።

በኋላ መብራት ሲበራ ታደለ ሰማዩን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «በሉ እናቶች» አለ፣ «መሽቷል።»

ሮማን ፊት የተቀመጡት እማማ ደስታ ነበሩ። ግማሽ ራሳቸው ተጠቅልሏል፣ ግማሹ ገና ነው። በመጋረጃው ቀዳዳ ቀና ብለው አዩትና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዲስ ሙሾ አወረዱ። ሴቶቹ ተቀበሉ። ታደለ ትንሽ ቆሞ ቆየና ቆቡን አውልቆ መልሶ ተቀመጠ።